ስፖንሰሩ ሲሄድ፦ በ2010 ከሜዳ የወጣ አንድ የድራግ ሬሲንግ ቡድን

የጉዳዩ መነሻ

በ2010 ጥር ወር፣ አዲሱ የውድድር ዘመን ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በአሜሪካ ድራግ ሬሲንግ (በቀጥታ መስመር በሚደረግ የመኪና እሽቅድምድም) እጅግ ከታወቁት ቡድኖች አንዱ ከእንግዲህ እንደማይወዳደር አስታወቀ። መኪናው ነበር፤ ጋራዡ ነበር፤ ገና በተጠናቀቀው ዓመት የውድድሩ ምርጥ አዲስ አሽከርካሪ ተብሎ የተሸለመ ወጣትም ነበረው። ያልነበረው የዓመቱን ወጪ የሚችልለት ስፖንሰር ነው።

በዚያን ጊዜ ስፖንሰር ያጣው ይህ ቡድን ብቻ አልነበረም። ይህን ጉዳይ ለይቶ መመዝገብ የሚያስፈልገው በባለቤቱ ምክንያት ነው። እኚህ ሰው ከ40 ዓመት በፊት፣ በ1970፣ ከመኪና ኢንዱስትሪ ውጭ የሆነ ትልቅ ኩባንያ ወደ ስፖርቱ ካመጡት ሁለት አሽከርካሪዎች አንዱ ናቸው። ስፖንሰር ፈልጎ የማግኘትን ሥራ ከእሳቸው አብልጦ የሚያውቅ ሰው በድራግ ሬሲንግ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። እሳቸው ፈልገው ካጡ፣ ምክንያቱን በችሎታ ወይም በትጋት ማነስ ማመካኘት አይቻልም። ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት፤ ይህ ጽሑፍም የሚፈልገው ያንን ነው።

የጉዳዩን ሰዎች በስም አልጠራም። ትኩረቴ ገንዘቡ በመጣበትና በሄደበት መንገድ ላይ ነው። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፖርቱ እና የሚበላው ገንዘብ

ድራግ ሬሲንግ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ የመብራት ምልክት ሲሰጣቸው በቀጥታ መስመር የሚሽቀዳደሙበት ስፖርት ነው። የተሸነፈ ዕቃውን ጭኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ያሸነፈ ወደ ቀጣዩ ዙር ያልፋል። ትልቁን ውድድር የሚመራው ኤን.ኤች.አር.ኤ የሚባለው ማኅበር በ1951 በዋሊ ፓርክስ የተመሠረተ ነው። ቡድናችን የሚሳተፍበት ከፍተኛው ምድብ ቶፕ ፊውል ይባላል። መኪናው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ከአሽከርካሪው ጀርባ 8.2 ሊትር የሚይዝ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ተቀምጧል፤ የሚነደው ነዳጅ 90 በመቶው ናይትሮሜቴን ነው። እስከ 2008 አጋማሽ ድረስ ሩጫው 402 ሜትር ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር አንድ አሽከርካሪ በኒው ጀርሲ ሜዳ ላይ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ፣ በሐምሌ ርቀቱ ወደ 305 ሜትር ዝቅ ተደረገ። መኪናው ይህን ርቀት ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ወጪው የሚታየው ከሩጫው በኋላ ነው። መኪናው ተጎትቶ ወደ መካኒኮቹ ድንኳን ሲመለስ ሞተሩ ገና ትኩስ ነው። ስምንት ዘጠኝ ሰዎች ይከቡታል። አንዱ ክላቹን ያወርዳል፣ ሁለቱ የሲሊንደሩን ክዳን ግራና ቀኝ ይፈታሉ፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ ዘይቱን ያፈስሳል። ፒስተኖቹ አንድ በአንድ ወጥተው ይመረመራሉ፤ ጠርዙ የቀለጠው ለብቻው ይቀመጣል። ከአንድ ሰዓት እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ሞተሩ እንደ አዲስ ተገጥሞ ይነሳል። ሲነሳ የናይትሮሜቴኑ ጭስ ዓይን ይለበልባል፤ ተመልካቹ ግን እንባውን እየጠረገ ከገመዱ ማዶ ይቆማል እንጂ አይሸሽም። በዚህ ስፖርት የመግቢያ ትኬት የያዘ ሰው ሁሉ እስከዚህ ድረስ መግባት ይችላል። ስፖንሰር የሚያደርጉ ኩባንያዎች ደንበኞቻቸውንና አከፋፋዮቻቸውን እዚህ ድንኳን ሥር የሚጋብዙት ለዚህ ነው። እንግዳው የተቃጠለ ፒስተን ለማስታወሻ ተሰጥቶት ሲሄድ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። የእግር ኳስ ወይም የፎርሙላ ዋን ስፖንሰር ለእንግዳው ይህን ያህል ቅርበት በቀላሉ መስጠት አይችልም።

በዚያ ወቅት አንድን የቶፕ ፊውል መኪና ዓመቱን ሙሉ ከ20 በላይ በሆኑ ውድድሮች ላይ ለማሰለፍ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ይነገር ነበር። በአንድ ሩጫ ላይ ሞተሩ ከፈነዳ በአራት ሰከንድ ውስጥ የሚወድመው ዕቃ ብቻ በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። የአንድ ውድድር አሸናፊ የሚያገኘው ሽልማትም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ቢያሸንፍ እንኳ በሽልማት ብቻ የሚኖር ቡድን የለም።

ከአሻንጉሊት ሱቅ የመጣ ገንዘብ

የባለቤቱ ታሪክ ለጉዳዩ ቁልፍ ስለሆነ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ እኚህ ሰውና አንድ ጓደኛቸው በካሊፎርኒያ ሜዳዎች የታወቁ ተቀናቃኞች ነበሩ። አንደኛው በእባብ ስም ይጠራ ነበር፤ ሌላው ደግሞ እሱን ለመገዳደር ሲል እባብ ገዳይ በሆነው ትንሽ አውሬ ስም ተጠራ። በዚያን ጊዜ የእሽቅድምድም መኪና ላይ የሚለጠፈው የዘይት፣ የሻማና የጎማ አምራቾች ስም ነበር፤ ከእነሱም የሚገኘው በአብዛኛው ዕቃና ጥቂት ገንዘብ ነው። ጓደኛቸው ሌላ ሐሳብ አመጡ። ማቴል የተባለው የአሻንጉሊት ፋብሪካ በ1968 ሆት ዊልስ የሚላቸውን ትናንሽ መኪናዎች ለገበያ አቅርቦ ነበር። ሁለቱን ተቀናቃኞች አሻንጉሊት አድርጎ ቢሸጣቸውስ?

ውሉ ተፈረመ። በ1970 የውድድር ዘመን አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ቀይ መኪና ይዘው ከከተማ ወደ ከተማ ዞሩ። የእነዚሁ መኪናዎች አምሳያ በዚያው ዓመት በሱቆች መደርደሪያ ላይ ነበር። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ቢጫዋን መኪና ያየ ልጅ ሰኞ አባቱን ይዞ ሱቅ ሊገባ ይችላል። ኩባንያው ለቡድኑ የሚከፍለው ገንዘብ ምን እንዳስገኘለት ለማወቅ የሚያስፈልገው ሽያጩን መቁጠር ብቻ ነበር።

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው። በ1970 የቡድኑ መኪና የኩባንያውን ዕቃ የሚያስተዋውቅ ሰሌዳ አልነበረም፤ መኪናው ራሱ ዕቃው ነበር። ስፖንሰሩ ቡድኑን በሌላ ማስታወቂያ ሊተካው አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ውሎች በገንዘብ መጠን ይህን የሚበልጡ ቢሆኑም፣ ይህን ዓይነት ትስስር አልነበራቸውም።

ከማቴል በኋላ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መጣ። ከ1975 እስከ 1978 ባለቤቱ ፋኒ ካር በሚባለው ምድብ አራት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኑ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፔፕሲ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ላይ ግን ስፖንሰር ጠፋና የአራት ጊዜ ሻምፒዮኑ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ሳይወዳደሩ አሳለፉ። በ1987 የተመለሱት ስኮል በሚባለው የአፍ ትምባሆ ስፖንሰርነት ነው። በ1994 መሪ ጨብጠው መወዳደር አቁመው ከ1995 ጀምሮ የቡድን ባለቤት ብቻ ሆኑ፤ ቢራ አምራቹ ሚለርም ለአሥር ዓመታት ያህል አብሯቸው ሠራ። አሽከርካሪያቸው በ2002 እና በ2003 የቶፕ ፊውል ሻምፒዮን ሆነ።

የትምባሆው ገንዘብ ለምን መጣ?

ይህ ጥያቄ በጊዜው ብዙ የተጠየቀ አይመስለኝም። መጠየቅ ነበረበት።

በአሜሪካ የሲጋራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የታገደው ከ1971 መጀመሪያ አንስቶ ነው። ዊንስተን የተባለው ሲጋራ ወደ ናስካር ውድድር የገባው በዚያው ዓመት ነበር፤ ወደ ኤን.ኤች.አር.ኤ የመጣው በ1975 ነው። የአፍ ትምባሆ ማስታወቂያ ደግሞ በ1986 በወጣ ሕግ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ተከለከለ። ስኮል ወደዚህ ቡድን የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። ቅደም ተከተሉ ብዙ ይናገራል። የትምባሆ ኩባንያዎች ከፍተኛ የማስታወቂያ በጀት ነበራቸው፤ ገንዘቡን የሚያፈሱበት በር ግን በሕግ ተዘግቶባቸው ነበር። የእሽቅድምድም ሜዳ ክፍት ሆኖ የቀረ መስኮት ሆነላቸው።

እንዲህ ከሆነ ገንዘቡን ያመጣው የቡድኑ ጥንካሬ ብቻ አልነበረም፤ ሕጉም ነበር። ሕግ ያመጣውን ደግሞ ሕግ ሊወስደው ይችላል። ለዚህም ምልክት ታይቶ ነበር። በ1998 የትምባሆ ኩባንያዎች ከአሜሪካ ግዛቶች ጋር ባደረጉት ስምምነት በንግድ ምልክት ስፖንሰር ማድረግ ተገደበ፤ ዊንስተንም ናስካርን መርጦ ከ2001 በኋላ ኤን.ኤች.አር.ኤን ለቀቀ። የውድድሩ ዋና ስፖንሰርነት ወደ ኮካ ኮላ ዞረ። የእኛ ቡድን የትምባሆ ውል ግን ቀጠለ፤ የቆየ ወዳጅነት እንደማይፈርስ ቤት ይታያል።

ችግሩ፦ በአንድ ዓመት ውስጥ የተደራረቡ ሦስት ነገሮች

መስከረም 2008 ለቡድኑ ከባድ ወር ነበር፤ በጊዜው ክብደቱ ሙሉ በሙሉ የታወቀ ግን አይመስልም። በወሩ ሁለተኛ ሳምንት አልትሪያ የተባለው የሲጋራ ኩባንያ የስኮልን ባለቤት በ10.4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። በሳምንቱ ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ኪሳራ አወጀ፤ ዓለምም ወደ ገንዘብ ቀውስ ገባ። የአልትሪያ ግዢ በጥር 2009 ተጠናቀቀ። ቡድኑ ለ20 ዓመታት ያህል ሲነጋገርበት የኖረው ኩባንያ አሁን ሌላ ጌታ ያለው ሆነ።

ቀውሱ የመኪና ስፖርትን የመታው ከሥሩ ነው። በ2007 በአሜሪካ ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ መኪኖችና ቀላል የጭነት መኪናዎች ተሸጠው ነበር፤ በ2009 ቁጥሩ ወደ 10.4 ሚሊዮን ወረደ። ክራይስለር በሚያዝያ 2009፣ ጄኔራል ሞተርስ በሰኔ መጀመሪያ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። በፎርሙላ ዋን ሆንዳ በታኅሣሥ 2008፣ ቢ.ኤም.ደብሊው እና ቶዮታ ደግሞ በ2009 ለቀው ወጡ። በጥቅምት 2009 የአሜሪካ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ደረሰ። ገንዘብ የነበራቸው ኩባንያዎችም ቢሆኑ በዚያ ወቅት ስማቸውን በውድድር መኪና ላይ መለጠፍ ይከብዳቸው ነበር። ሺህ ሠራተኛ እያሰናበቱ ለእሽቅድምድም ሚሊዮን መክፈል በሠራተኛውም፣ በባለአክሲዮኑም፣ በጋዜጣውም ፊት ያሳፍራል። ከመንግሥት ድጎማ የወሰዱ ባንኮች በስፖርት ስፖንሰርነታቸው በኮንግረስ አባላት ሲብጠለጠሉ የታየው በዚሁ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ነገር በሰኔ 22 ቀን 2009 መጣ። ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ፣ የሲጋራና የአፍ ትምባሆ የንግድ ምልክት ስፖርታዊ ውድድርንም ሆነ ቡድንን ስፖንሰር እንዳያደርግ ከሰኔ 2010 ጀምሮ ከለከለ። መስኮቱም ተዘጋ። የቡድኑና የትምባሆው ኩባንያ ግንኙነት 23 የውድድር ዘመናትን ዘልቆ በ2009 መጨረሻ አበቃ።

ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡድኑ ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሕጉ ብቻ ቢሆን በመልካም ጊዜ ሌላ ስፖንሰር ይገኛል፤ ቀውሱ ብቻ ቢሆን የቆየ ወዳጅ ቀንሶም ቢሆን ይከፍላል፤ የባለቤትነት ለውጡም ብቻውን ቢሆን ለመደራደር ጊዜ ይኖራል። ሦስቱ አብረው ሲመጡ ግን የቆየው መንገድ ሲዘጋ አዲሱም ዝግ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ፈተና ከሰው በኩል መጣ። ሁለቱን የሻምፒዮና ዋንጫዎች ያመጣው ነባር አሽከርካሪ በ2008 መጨረሻ ቡድኑን ለቆ አል አናቢ ወደተባለ አዲስ ቡድን ሄደ። የዚያ ቡድን ገንዘብ ከኳታር፣ ከገዢው ቤተሰብ አባል ከሆኑ አንድ ሼክ የሚመጣ ነበር። የአሜሪካ ኩባንያዎች በጀታቸውን በሚቀንሱበት ወራት የባሕረ ሰላጤው ገንዘብ በድራግ ሬሲንግ ውስጥ የገበያውን ዋጋ ይወስን ጀመር። በመቀነስ ላይ ያለ ቡድን ከእንዲህ ዓይነት ተፎካካሪ ጋር በደመወዝ ሊፎካከር አይችልም።

ባለቤቱ በነባሩ ምትክ በዚህ ደረጃ አዲስ የሆነ ወጣት አሽከርካሪ ቀጠሩ። ብዙ ሰው እንደ ድፍረት ሊያየው የሚችል ውሳኔ ነበር። ከዚያ በፊት ቡድኑ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መኪና ያሰለፈባቸው ዓመታት ነበሩ፤ በ2009 አንድ መኪና ብቻ ይዞ ወጣ። ሦስተኛው እርምጃ የትምባሆው ውል እያለቀ ሲሄድ የተጀመረው የአዲስ ስፖንሰር ፍለጋ ነው። አራተኛውና የመጨረሻው፣ ፍለጋው ፍሬ ሲያጣ በጥር 2010 ሥራውን ማቆም ነበር።

የሠራው

የወጣቱ ቅጥር ሠራ። በመጀመሪያ ዓመቱ ውድድር አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻም ምርጥ አዲስ አሽከርካሪ ተብሎ ተሸለመ። በችግር ጊዜ ብዙ ቡድኖች የታወቀ ስም ፍለጋ ያላቸውን ሲያራግፉ፣ እዚህ ልምድ ያካበተ የመካኒክ ቡድንና ጥሩ መኪና ያልታወቀን ሰው አሸናፊ ማድረግ እንደሚችሉ ታየ።

የማቆሙ ውሳኔም በእኔ ግምት ትክክል ነበር። ግማሽ በጀት ይዞ የቶፕ ፊውል መኪና ማሰለፍ ግማሽ ውጤት አይሰጥም። በዓመቱ አጋማሽ ፒስተንና ክላች ማለቅ ሲጀምር መካኒኩ ያረጀውን ዕቃ ደግሞ ይገጥማል፤ ያረጀ ዕቃ ደግሞ በዚህ ሞተር ውስጥ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ስፖርቱ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት አንድ አሽከርካሪ ቀብሮ ነበር። በቂ ገንዘብ ከሌለ አለመውጣት ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ውሳኔ ነው።

ያልሠራው

በሜዳ ላይ ማሸነፍ ስፖንሰር ያመጣል የሚለው እምነት አልሠራም። በዚያ ዓመት ቡድኑ ለኩባንያዎች ሊያሳየው የሚችለው ታሪክ ያማረ ነበር፤ በስፖርቱ ትልቅ ስም ያላቸው ባለቤት፣ ተሸላሚ ወጣት፣ ድል። አንድም ኩባንያ ሙሉውን ወጪ ሊሸከም አልመጣም። ድል የሚረዳው በጀት ያለውን ኩባንያ ከቡድን ቡድን እንዲያማርጥ ነው፤ በጀቱን የሰረዘ ኩባንያ አዲስ በጀት እንዲመድብ አያደርገውም።

የጊዜ ሰሌዳውም አልተመቸም። ኩባንያዎች የሚቀጥለውን ዓመት የማስታወቂያ በጀት የሚቆርጡት በበጋቸውና በመስከረም አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ የውድድር ዘመኑ የሚያበቃው በኅዳር፣ አዲሱ የሚጀምረው በየካቲት በፖሞና ካሊፎርኒያ ነበር። ውሉ በዘመኑ ማብቂያ ላይ የሚያልቅበት ቡድን ዋናው ፍለጋው የሚውለው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ማለትም የኩባንያዎቹ በጀት ከተዘጋ በኋላ።

ዝናም አልሠራም። ይህ ብዙዎችን ያስገረመ ይመስለኛል። የባለቤቱ ስም በሜዳው ያለውን ተመልካች ሁሉ ያስነሳል፤ በአልትሪያ ቢሮ ያለውን የሒሳብ ሰው ግን አያስነሳም። ከ1987 ጀምሮ ግንኙነቱን የገነቡት ሰዎች በሌላ ኩባንያ ተውጠዋል፤ አዲሶቹ ወረቀቱ ላይ የሚያዩት የወጪ መስመር ብቻ ነው።

ዋጋውን በቀጥታ የከፈለው ወጣቱ አሽከርካሪ ነው። ቡድኑ መቆሙን ያስታወቀው ሌሎች ቡድኖች አሽከርካሪና መካኒክ ቀጥረው በጨረሱበት ወር ነበር። በ2010 ሙሉውን ዘመን የሚነዳው መኪና አላገኘም። በ2011 ብዙ መኪና የሚያሰልፍ ትልቅ ቡድን ወስዶት ወደ ሜዳ ተመለሰ።

በአቅራቢያው የነበሩ ቡድኖች

ጉዳዩ ብቻውን ቢታይ የአንድ ሰው ዕድል ይመስላል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲታይ ግን መልኩ ይለወጣል።

በ1992 በጌንስቪል ሜዳ በድራግ ሬሲንግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት 300 ማይል ያለፉት ሌላው የታወቁ ባለቤት ከ1980 ጀምሮ በበድዋይዘር ቢራ ስፖንሰርነት ነበሩ። በ2008 ኢንቤቭ የተባለው ኩባንያ የበድዋይዘርን ባለቤት በ52 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ከ30 የውድድር ዘመናት በኋላ፣ በ2009 መጨረሻ፣ ያም ውል አበቃ። እኚህ ባለቤት ግን ለ2010 ኮፓርት የተባለውን ኩባንያ አገኙ። ኮፓርት አደጋ የደረሰባቸውንና የተጎዱ መኪናዎችን በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጣል፤ አዲስ መኪና ባይሸጥም የእሱ ሥራ አይቆምም። እንዲህ ያለ ኩባንያ ማሰብ ብልህነት ነበር። ሆኖም ይህ ቡድንም ከ2011 ዘመን በኋላ ተዘጋ። አንድን ትልቅ ከፋይ በሌላ መተካት ዕድሜን አራዘመ እንጂ መሠረቱን አልለወጠም።

አል አናቢ በ2010፣ በ2011 እና በ2013 የቶፕ ፊውል ሻምፒዮናን ወሰደ። በ2015 ጥር፣ አዲሱ ዘመን ሊጀመር ሲል፣ የኳታሩ ገንዘብ ቆመና ቡድኑ ፈረሰ። ወሩ እንኳ ያው ጥር ነው።

ከ2018 እስከ 2021 አራት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነው ደግሞ በቤተሰቡ የነዳጅ ቧንቧ ግንባታ ድርጅት ገንዘብ የሚወዳደር አሽከርካሪ ነው። ከቀውሱ በኋላ ስፖርቱ ከኪሳቸው ለሚከፍሉ ባለቤቶች እየተመቸ፣ ስፖንሰር ፈልገው ለሚኖሩ ባለሙያዎች እየጠበበ መጣ። ይህን እንደ መፍትሔ የሚያዩ አሉ። እኔ እንደ ጉዳት አየዋለሁ፤ በ1970 ሀብት ሳይሆን ሐሳብ የነበራቸው ሁለት ወጣቶች ዛሬ ቢመጡ በየትኛው በር እንደሚገቡ አይታየኝም።

ለሌሎች የሚጠቅመው

ገንዘብ ወደ እናንተ ለምን እንደመጣ በጽሑፍ አስፍሩ። «ስለሚወዱን» የሚለው መልስ አይበቃም። ኩባንያው ሌላ ቦታ ማስተዋወቅ ስለተከለከለ ከሆነ የሚጠበቀው ቀጣዩ ሕግ ነው። የኩባንያው ኃላፊ የስፖርቱ አፍቃሪ ስለሆነ ከሆነ የሚጠበቀው የኃላፊው ጡረታ ነው። የመጣበት ምክንያት ሲታወቅ የሚሄድበትም ቀን በግምት ይታወቃል።

የስፖንሰር ብዛት ብቻውን ዋስትና አይደለም። «አንድ ዓይን ያላት በአፈር ትጫወታለች» ይባላል፤ ይህ ቡድን ግን በደህናው ጊዜ ሁለት ዓይን ነበረው፤ ትምባሆና ቢራ። ሁለቱም በማስታወቂያ ሕግ የሚገደቡ፣ ሁለቱም በግዙፍ ኩባንያዎች እየተዋጡ በነበሩ ዘርፎች ውስጥ ያሉ ናቸው። ሁለት ስፖንሰር ያለው ክለብ ወይም ማኅበር መጠየቅ ያለበት «አንደኛውን የሚያስወጣው ምክንያት ሁለተኛውንም ያስወጣዋል ወይ?» ብሎ ነው። በሁለት ባንክ ወይም በሁለት የቤት ሠሪ ድርጅት የሚደገፍ የእግር ኳስ ክለብ በአንድ እግር እንደቆመ ይቁጠረው።

ስፖንሰሩ በእናንተ ምክንያት የሸጠውን ቁጠሩለት። ማቴል ራሱ ይቆጥር ነበር። የአሁኑ ኩባንያ ግን በድንኳኑ ሥር የተጋበዙት አከፋፋዮች በሚቀጥሉት ወራት ስንት እንዳዘዙ ካልተነገረው፣ ጋብዞ ያበላውን ብቻ ያስታውሳል። የእንግዶቹን ዝርዝር መያዝና ከኩባንያው የሽያጭ ክፍል ጋር በየጊዜው ማስተያየት የአንድ ሰው የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው፤ የወጪ መስመሮች በሚሰረዙበት ስብሰባ ላይ ግን ቡድኑን ወክሎ የሚናገረው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ውሉ ውስጥ የባለቤትነት ለውጥ ይግባበት። ስፖንሰሩ ቢሸጥ ገዢው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዘመን እንዲከፍል ወይም መውጣቱን ከበጀት ወቅት በፊት እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ አንቀጽ በደህና ጊዜ ሲጠየቅ ብዙም አያጨቃጭቅም። ውሉ የሚያልቅበት ቀንም ከውድድሩ ማብቂያ ጋር መግጠም የለበትም፤ በዘመኑ አጋማሽ የሚያልቅ ውል ቡድኑ መኪናውን ሜዳ ላይ እያሳየ፣ እንግዳ እየጋበዘ እንዲደራደር ያስችለዋል።

የመቆሚያ ቀንም ቀድሞ ይወሰን። «እስከ ኅዳር መጨረሻ ይህን ያህል ገንዘብ በፊርማ ካልተገኘ አንወጣም» ብሎ መወሰን፣ ውሳኔውንም ለአሽከርካሪውና ለመካኒኮቹ በመስከረም መንገር ይቻላል። ተስፋ ቆርጠው አስቀድመው ይሄዳሉ የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ አንዳንዱ ይሄዳል። ሆኖም በኅዳር የሚሄድ መካኒክ ሥራ ያገኛል፤ በጥር የተለቀቀ ግን የሌሎቹ ጋራዥ ሞልቶ ይጠብቀዋል።